ስትቆርብ ሳያት አንጀቴ አረረ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እንደ ታናሽ እኅትዎ ቆጥረው፣ አንቺ እያሉ እንዲመክሩኝ ነው የምጽፍልዎት። ዕድሜዬ አርባዎቹን አጋምሷል፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ በቀበሌ ቤት ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ወደ ዳር ወጥተው ግቢው ውስጥ የቀረነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ቡና እንኳ የምንጠጣው እየተጠራራን ነው።

ከመካከላችን ሴት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት ሴት አለች። ካዛንቺስ ሆቴል ውስጥ እንደምትሠራ እናውቃለን፤ ምን እንደምትሠራ ግን ነግራን አታውቅም። ከሌሊቱ ሰባት ስምንት ሰዓት ላይ መኪና በር ድረስ ያመጣታል። መኪናው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አለባበሷን ደግሞ እኔ አላወራም፤ ያየ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። ባለፈው ፍልሰታ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ስትቆርብ አየኋት። አንጀቴ አረረ። እኔ ከሕፃንነቴ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም። ባለቤቴን ስለምነው «ስናረጅ እንደርስበታለን» ይለኛል። ሌሎች ሲቆርቡ እኔ ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያ ጠበል ጠጥቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እሷ በየት በኩል ተገባት?

ነገሩን ለአንዲት ጎረቤቴ ቡና ላይ ነገርኳት፤ ወሬው ግቢውን ዞረ። አሁን ሴትየዋ ቡና ስንጠራት አትመጣም፤ ልጇም ከልጆቼ ጋር መጫወት ትታለች። ያቺው ጎረቤቴ ደግሞ «አትፍረዱ ተብሏል፣ ተዪው» ትለኛለች። ኃጢአት እያዩ ዝም ማለት ግን ተባባሪነት አይሆንም? ለደብራችን አስተዳዳሪ ልንገር ወይስ ልተወው?

ግራ የገባት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ዳኝነት ነበር፤ ልደታ ችሎት ላይ ተቀምጬ የሰው ክስ ሳነብ ነው የኖርኩት። መዝገብ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ተከሳሹ ምን አደረገ እንደተባለ ነው። አንቺ በጻፍሽልኝ ውስጥ ሰዓት አለ፣ መኪና አለ፣ ልብስ አለ። ኃጢአቱን ግን ፈልጌ አጣሁት። ሆቴል ውስጥ ሌሊት የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ ምግብ የሚያበስል፣ አልጋ የሚያነጥፍ፣ ሒሳብ የሚቀበል፣ የሚያስተናግድ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ከካዛንቺስ አራት ኪሎ በእግሯ አትመጣም፤ በስልክ የሚጠራ መኪና ደግሞ በየቀኑ ሌላ ነው። የምትሠራው ይህን ነው ብዬ አልመሰክርላትም፤ አላውቅም። አንቺም አታውቂም። በዚህ መዝገብ ላይ እኔ ፍርድ አልሰጥም ነበር፤ ተከሳሿንም አልጠራትም ነበር።

በሕጋችን የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይህን በግልጽ ይደነግጋል። ተከሳሹ የመሰማት ዕድል ሳይሰጠው አይፈረድበትም። ዳኛው ከተከራካሪው ጋር ዝምድና ወይም በጉዳዩ የራሱ ጥቅም ካለው ከችሎት ይነሣል። ይህን የማነሣልሽ ሕግ ላስተምርሽ ብዬ አይደለም። ኃጢአተኛ የሆንን ሰዎች እርስ በርሳችን ስንዳኝ እንኳ ይህን ያህል እንጠነቀቃለን። ቡና ላይ የተፈረደባት ሴት ግን ክሱ አልተነበበላትም፤ ቃሏን የሰማም የለም። በቀድሞው ሥርዓት እኮ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። የከሰሰ ሰው የከሰሰውን ጥሎ ብቻውን መሄድ አይችልም፤ መንገዱን ሁሉ አብሮት ይሄዳል፣ ፊቱን ያያል፣ ትንፋሹን ይሰማል። አንቺ ያልሄድሽው ያን መንገድ ነው።

ጎረቤትሽ «አትፍረዱ ተብሏል፣ ተዪው» ስትልሽ ግማሹን ነው የነገረችሽ። ይህ ቃል በየሰፈሩ አፍ ማዘጊያ ሆኗል፤ የሕዝብ ገንዘብ የበላ ሰው ሳይቀር ይጠቅሰዋል፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ማቴዎስ ምዕራፍ 7ን እስከ ቁጥር 5 አንብቢው። ጌታ ጉድፉ ጉድፍ አይደለም አላለም። «አስቀድመህ ከዓይንህ ምሰሶውን አውጣ» ካለ በኋላ ከወንድምህ ዓይን ጉድፉን ታወጣ ዘንድ አጥርተህ ታያለህ ይላል። ስለዚህ ጉድፉም ይወጣል፤ የሚያወጣው ግን አስቀድሞ በራሱ ዓይን የደከመ ሰው ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ደግሞ ያው ጌታ «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ይላል። ሰዓትና መኪና፣ ልብስም፣ መልክ ናቸው።

በዳኝነት ዘመኔ ሁሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንደ ንጉሥ ዳዊት ፍርድ ያስፈራኝ የለም። ነቢዩ ናታን ስለ አንድ ባለጠጋ ነገረው፤ ብዙ በግ እያለው የድሀውን ብቸኛ በግ ወስዶ ለእንግዳው ያረደ ሰው። ዳዊት ተቆጣና ሞት የሚገባው ነው፣ ስለ በጊቱም አራት እጥፍ ይመልስ ብሎ ፈረደ። አሁን ዘጸአት ምዕራፍ 22ን ግለጪ። ሕጉ በግ ሰርቆ ላረደ ሰው አራት በጎች ይክፈል ነው የሚለው፤ ሞት የለበትም። ዳዊት ሕጉን ያውቃል፤ አራቱንም ጠቅሷል። ሞቱን ከየት አመጣው? የኦርዮን ሚስት የወሰደ፣ ኦርዮንንም ያስገደለ እርሱ ነበር። የተደበቀ በደሉ ነው በሌላው ሰው ላይ ቅጣቱን ያከበደው። ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ቁጣችን ከጥፋቱ ሲበልጥ፣ የበለጠው የኛ ነው፤ ከየት እንደመጣ መፈለግ አለብን።

ስለዚህ የአንቺንም ቁጣ እንመልከተው። ሴትየዋ ሌሊት ስትገባ ዝም ብለሽ ኖረሻል። አንጀትሽ ያረረው ስትቆርብ ያየሻት ቀን ነው። ከዚያም በደብዳቤሽ ውስጥ ማንም ሳይጠይቅሽ ስለ ራስሽ ነገርሽኝ፤ ከሕፃንነትሽ ወዲህ አለመቁረብሽን፣ ባለቤትሽ ስናረጅ እንደሚልሽ፣ ሌሎች ሲቆርቡ ቆመሽ ማየትሽን። የደብዳቤሽ ልብ ያለው እዚያ ይመስለኛል። አንቺ ርቦሻል። የራበሽን ነገር ሌላ ሰው ሲቀበለው አየሽ፤ ረኀቡ መራራ ሆነና ወደ እሷ ዞረ። ይህ ረኀብ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም እግዚአብሔር ያስቀመጠብሽ መልካም ነገር ነው። ምሰሶ የሆነብሽ የሷን ነውር መቁጠሪያ ሲሆን ነው። ስትቆጪ ያየሁብሽን ነው የምነግርሽ፤ ልብሽን የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። ካልሆነ አልሆነም በዪኝ።

«በየት በኩል ተገባት?» ብለሻል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ይህን የሚያውቅ የንስሐ አባቷ ነው። ምን እንደተናዘዘች፣ ምን ቀኖና እንደተሰጣት፣ ስንት ሌሊት እንደሰገደች እኔም አንቺም አንሰማም፤ የንስሐ አባት የሰማውን ለማንም አያወጣም። ካህኑ በቅዳሴው ላይ ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል ብሎ ሲያውጅ፣ በልቡ ቂም የያዘም እንዳይቀርብ ያስጠነቅቃል። ያ ቃል ለቆሙት ሁሉ ነው። ጎረቤትሽን እያየሽ ከሰማሽው ግን ለአንቺ የተባለው አልፎሻል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 11 ላይ ሰው ራሱን ይፈትን፣ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ ይላል። ጎረቤቱን ይፈትን አላለም። ከዚያ በፊት ያሉትን ቁጥሮች ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢያቸው፤ ራሳቸውን እንዲፈትኑ ያዘዛቸው በምን ምክንያት ነው? ሲሰበሰቡ ያላቸው ቀድመው እየበሉ ይሰክራሉ፣ የሌላቸው ይራባሉ። እርሱም አንዳች የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን ብሎ ወቀሳቸው። በጌታ ማዕድ ዙሪያ የተገኘው በደል ድሀውን ማሳፈር ነበር። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ጾሟን ውላ፣ ተናዝዛ፣ ቆርባ ወደ ግቢዋ ስትገባ ማንም ዓይኗን የማያያት ከሆነ፣ ጳውሎስ የጻፈው ለእኛ ግቢ ነው።

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ የኖረው ኢትዮጵያዊው ሙሴ ጸሊም ከምንኩስናው በፊት የሽፍቶች አለቃ ነበር። አንድ ወንድም ስላጠፋ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰብስበው ሲጠሩት እንቢ አለ። ግድ ሲሉት የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው አባታችን ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ነው፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ጥፋት ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ጉባኤው ወንድሙን ይቅር ብሎ ተበተነ። ሙሴን ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ታስበዋለች። ሽፍታ የነበረ ሰው ስትቀበል ስንቱ «በየት በኩል ተገባው?» ብሎ ይሆን?

ዝምታ ተባባሪነት ነው ወይ ላልሽው፣ አዎን፣ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሕፃን ሲደበደብ፣ ሴት ስትደፈር፣ የማኅበር ገንዘብ ሲሰረቅ ያየ ሰው ዝም ካለ ተባባሪ ነው፤ ያየውን ለሚመለከተው ይናገር። እዚያ ላይ «አትፍረዱ» እያሉ ተበዳይን ዝም ማሰኘት ራሱ በደል ነው። አንቺ ግን የተበደለ ሰው አላሳየሽኝም። ስለዚህ ለአስተዳዳሪው አትንገሪ። ምን ትያቸዋለሽ? መኪና አየሁ?

ኃጢአት በርግጥ ብታውቂባት ኖሮስ? ያኔም ቢሆን መንገዱ በማቴዎስ 18 ተጽፏል፤ ሄደሽ፣ አንቺና እሷ ብቻችሁን ሆናችሁ። ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች የተሳሳተውን በየውሃት መንፈስ አቅኑት ብሎ ወዲያው አንተ ደግሞ እንዳትፈተን ራስህን ጠብቅ ይላል። ቡና ላይ ግን ማንም ሲቃና አይቼ አላውቅም።

አሁን መጀመሪያ የራስሽን የንስሐ አባት አግኚያቸው። ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ረኀብሽ ንገሪያቸው። ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ ባልና ሚስት አብረው መቅረብ ስላለባቸው ብቻሽን የምትፈቺው ነገር አይደለም። ስናረጅ ለሚለውም ንስሐ አባታችሁ ቢመልሱለት ከአንቺ ጭቅጭቅ ይሻላል።

ከዚያ ወደ ሴትየዋ ሂጂ። ሰው ልከሽ ሳይሆን ራስሽ፣ ቀን፣ እንቅልፏን ስትጨርስ። «ስላንቺ የማላውቀውን አውርቻለሁ፤ ይቅር በዪኝ» በያት። እዚያ ላይ አቁሚ። ሰው ምን እንዳለ አትዘርዝሪላት፣ ማን እንዳወራ አትጥቀሺላት፣ ሥራዋ ምን እንደሆነም አትጠይቂያት። ይቅርታ ብለሽ ገብተሽ ምርመራ እንዳይሆንባት። ብትቆጣ ተቀበዪያት፤ በር ብትዘጋብሽም መብቷ ነው፣ ሌላ ቀን ተመለሺ። ያወራሽላቸውንም ሴቶች በሚቀጥለው ቡና ላይ «ያልኩት ያላየሁትን ነው» በያቸው፤ ወሬው በወጣበት አፍ ካልተመለሰ የሷን በር ማንኳኳትሽ ብቻውን አይበቃም።

የልጅቷን ነገር ግን እስከዚያ አታቆዪው። ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልጆችሽን ላኪያቸውና ጨዋታ ይጥሯት።