ስለ ትልቅ አኳሪየም መቆሚያና ወለል፦ ጠይቁኝ

የዓሣ ገንዳ ልትገዙ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። 120 በ50 በ50 ሳንቲሜትር ገንዳ ወለሉ ይችለዋል?

መልስ፦ ሒሳቡን እንሥራ ወንድሜ። ጢም ሲል ውሃው ብቻ 300 ኪሎ ነው። 10 ሚሊሜትር ከሆነ መስታወቱ ወደ 58 ኪሎ ይመዝናል። ጠጠርና መቆሚያ ሲጨመርበት 450 አካባቢ ይደርሳል፣ ያውም ከአንድ ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ። የመኖሪያ ቤት ወለል ደግሞ በተለምዶ የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ታስቦ ነው። አትደንግጥ፣ ያ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ቢጫን ተብሎ የተያዘ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ከባድ ነገር ስላረፈ ብቻ ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ይወርዳል ማለት አይደለም። ወሳኙ የት ታስቀምጠዋለህ ነው። ክፍሉ መሃል አይሆንም። ከስሩ ቢም (ወለሉን የሚሸከም አግዳሚ) ያለበት ግድግዳ ጋ፣ ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) አጠገብ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ዝም ብሎ ክፍል ለመክፈል የተገነባ የብሎኬት ግድግዳ ግን ራሱ ለወለሉ ሸክም ነው፣ አያግዝህም። ሶሌታው ስንጥቅ ካለው ወይም ከዚህ የሚበልጥ ገንዳ ካሰብክ መሐንዲስ ሳያየው ውሃ አትሙላ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ያለው የእናቴ ቤት ወለሉ ጣውላ ነው። እዚያስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እዚያ በጣም ተጠንቀቂ። ጣውላው የተመታበትን የምስማር መስመር እዪ፣ ተሸካሚው እንጨት በዚያው መስመር ነው የሚሄደው። ገንዳው በርዝመቱ ብዙ ተሸካሚ አቋርጦ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ። ስትራመጂ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆ የሚንጫጫ ከሆነ ግን ይቅርብሽ። ምስጥ የበላውን እንጨት ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ የቲቪ ጠረጴዛ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። እንዲህ ያለው ጠረጴዛ የሚሠራበት የተጨመቀ እንጨት፣ ማለትም ኤምዲኤፍና ቺፑድ፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። አኳሪየም ደግሞ ሳይንጠባጠብ አይውልም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ መርካቶ በያጅ ላሠራ ነው፣ ምን ልበለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከላይ ላልነው የ120 በ50 በ50 ገንዳ 40 በ40 ሚሊሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ይበሉት። መሃል ላይ ተጨማሪ እግር ከፊትም ከኋላም ይግባ፣ አለዚያ አግዳሚው ይጎብጣል። የላይኛው ፍሬም እግሮቹ አናት ላይ ይረፍ እንጂ በጎን በብየዳ ብቻ አይንጠልጠል። ከኋላ ሰያፍ ብረት ካልገባ በጎን ይወዛወዛል፣ በያጆች ይህን መርሳት ይወዳሉ። እግሮቹ ስር ወፍራም ላሜራ (ጠፍጣፋ ብረት) ይበየድ፣ አለዚያ ሴራሚኩን ይሰብረዋል። ከላይ 18 ሚሊሜትር ፕላይውድ፣ ገንዳው የፕላስቲክ ጠርዝ ከሌለው ደግሞ ስስ ፎም።

ጥያቄ፦ ወለሉ ትንሽ ያዘነብላል፣ መስታወቱ ስር ካርቶን ልወትፍ?

መልስ፦ በፍጹም! ማስተካከያው መቆሚያው እግር ስር ነው የሚገባው፣ እሱም ቁራጭ ላሜራ። ውሃ ልክ በርዝመትም በወርድም ያዝ። ግማሽ ሞልተህ እንደገና ለካ።

ጥያቄ፦ መሬት ቢንቀጠቀጥስ?

መልስ፦ በ2017 የፈንታሌው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፣ ስለዚህ ጥያቄህ የቅንጦት አይደለም። መቆሚያውን ከግድግዳው ጋር በቡለን እሰረው፣ ውሃውንም ከአፉ ትንሽ ዝቅ አድርገው። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ደግሞ ከገንዳው ስር አንሳው።