መጽሐፍ ቅዱስን «ሰው ነው የጻፈው» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። አንድ ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ «የእናንተን መጽሐፍ ሰው ነው የጻፈው፤ የትኛው ይግባ የትኛው ይውጣ የሚለውንም በኒቅያ ጉባኤ ላይ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው የወሰነው» አለኝ። ዩቲዩብ ላይም ይህንኑ ሰማሁ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዳዊት መድገም እንኳ ከብዶኛል።

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን ወንድሜ። ይህን ጥያቄ እዚህ ድሬም ሐረርም ከብዙ ወጣት ሰምቼዋለሁ። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ቡና እየተጠራራን ያደግን ሰዎች ነን፣ ስለ ሃይማኖት መጠያየቃችን ክፋት የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጆቻችን ሳይታወቃቸው የራሳቸውን መጽሐፍ በወዳጃቸው መለኪያ ይለኩታል። እሱ መጽሐፉ ቃል በቃል ከሰማይ እንደ ወረደ ያምናል። አንተም የእኛው እንደዚያ ካልወረደ ጎደሎ ነው ብለህ ደነገጥክ። ለመሆኑ እንደዚያ ወርዷል ያለህ ማነው? ቤተ ክርስቲያን አላለችም።

ስለዚህ «ሰው ጻፈው» ሲልህ «አዎ» በለው። አትፈር። መጽሐፉ ራሱ አይደብቀውም። ኤርምያስ ምዕራፍ 36ን አንብብ። ኤርምያስ እየተናገረ ባሮክ በቀለም ጻፈ። ንጉሡ ኢዮአቄም እሳት ዳር ተቀምጦ ጥቅልሉ ሲነበብለት በካራ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ጨመረው፣ ሁሉንም እስኪጨርስ ድረስ። ከዚያስ? እግዚአብሔር «ሌላ ጥቅልል ውሰድና እንደገና ጻፍ» አለው። ባሮክ እንደገና ጻፈ፣ ያን የመሰለ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። ንጉሥ ያቃጠለውን መጽሐፍ እግዚአብሔር በዚያው በሰው እጅ መልሶ አጻፈው። ምሳሌ 25፥1 ደግሞ የሰሎሞንን ምሳሌዎች የሕዝቅያስ ሰዎች እንደ ቀዱአቸው ይነግርሃል፤ ሰሎሞን ካረፈ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። የሮሜን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነው፣ 16፥22 ላይ ስሙን ጠቅሶ ሰላም ይላል። ሉቃስም ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትዬ ጻፍሁ ይላል። ጴጥሮስ ይህን ሁሉ ሲያጠቃልለው «ቅዱሳን ሰዎች በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው ተናገሩ» አለ። ሰዎች ናቸው፣ የነዳቸው ግን መንፈስ ቅዱስ ነው።

ለእኛ ከሰማይ የወረደው መጽሐፍ አይደለም። «ቃልም ሥጋ ሆነ» ነው የምንለው። ጌታ ራሱ መጽሐፍ ጽፎ አልሰጠንም፤ ጻፈ የተባለው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም በመሬት ላይ በጣቱ። ምስክሮቹን ላከ፣ ምስክሮቹ ጻፉ። ወዳጅህ ቁርኣንን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ሲያነጻጽር አንተ ይህን ልዩነት ካላየህ ክርክሩን ገና ሳትጀምረው ትሸነፋለህ።

አሁን ወደ ኒቅያ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 በኒቅያ ጉባኤ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች የተሰበሰቡበት ዋና ጉዳይ፣ ወልድን ፍጡር ነው ያለው የአርዮስ ክህደት ነው። በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት የምትለው ለዚህ ነው። ያወጧቸው 20 ቀኖናዎች፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ደንቦች አሉ፣ አንዱም የመጻሕፍት ዝርዝር አይደለም። ቆስጠንጢኖስ ያደረገው ሌላ ነገር አለ፦ ለቁስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት 50 የቅዱሳት መጻሕፍት ቅጂዎች እንዲጻፉ የቂሳርያውን ጳጳስ አውሳብዮስን አዟል። ማስገልበጥ ግን መምረጥ አይደለም። የጳውሎስ መልእክቶች ገና በሐዋርያት ዘመን ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው እየተላኩ ይነበቡ ነበር፣ ቆላስይስ 4፥16ን ተመልከት። ስለ ዕብራውያን መልእክትና ስለ ራእይ ግን አንዳንድ ቦታ ማመንታት ነበር፣ ከኒቅያ በኋላም ጥቂት ቆይቷል። በ367 ቅዱስ አትናቴዎስ በትንሣኤ መልእክቱ 27ቱን የሐዲስ መጻሕፍት ዘርዝሮ ጻፈ። እሱ ኒቅያ ላይ በዲቁና ነበረ! ጉዳዩ እዚያ ተወስኖ ቢሆን ከ42 ዓመት በኋላ ምን ያስጽፈው ነበር? ይህ አባት ደግሞ የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመልን ነው፣ ሩቅ ሰው አይደለም።

ብሉይ ኪዳንም በአንድ ቀን አልተሰበሰበም። ጌታ ሉቃስ 24፥44 ላይ «በሙሴ ሕግና በነቢያት በመዝሙራትም» ሲል አይሁድ በየክፍሉ የሚያነቧቸውን መጻሕፍት እየጠራ ነው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ወደ ግሪክ መተርጎም ጀመሩ፣ የእኛ የግእዙ ብሉይም በዋናነት የመጣው ከዚያ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት 81 ናቸው ስንል የሚስቁብን አሉ፣ በተለይ በመጽሐፈ ሄኖክ። ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅልሎች መካከል የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ፣ ከ81ዱ አንዱ የሆነው የመጽሐፈ ኩፋሌም በዕብራይስጥ ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ የፈጠረችው አይደለም። ይሁዳም በመልእክቱ ቁጥር 14 ሄኖክን ይጠቅሳል። ደግሞ በዚህ 66 መጻሕፍት ብቻ የሚቆጥረውን ክርስቲያን አትናቀው፤ የእኛ አባቶችም 81ዱን ሲዘረዝሩ አንድ ዓይነት አቆጣጠር ብቻ አልተዉልንም።

አንድ ነገር ግን እገሥጽሃለሁ። የዩቲዩብ ቪዲዮ ሰምተህ ዳዊትህን ማስቀመጥህ ልክ አይደለም። ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቃል፣ ጸሎት አያቋርጥም።

ለወዳጅህ ስትመልስ የእሱን መጽሐፍ አትንካ። የጠየቀህ ስለ አንተ ነው፣ ስለ አንተ መልስ። ኤርምያስ 36ን አብራችሁ ብታነቡት እወዳለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅህን ጻፍልኝ፣ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኝ።