አባቴ ከማኅበር ቀሩ

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። በግላኮማ እይታቸው በጣም ደክሟል፣ ግን ጨርሶ አልጠፋም። አሁን ከቤት መውጣት ትተዋል፣ ማኅበርም እድርም ቀሩ። «ከሰው ጋር እጋጫለሁ» ይላሉ። ምን ላድርግ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሕክምናው ነገር። ግላኮማ የወሰደው እይታ አይመለስም። ጠብታው የሚጠብቀው የቀረውን ነው፣ ስለዚህ «ለውጥ አላመጣም» ብለው እንዳያቋርጡት። በሽታው በዘርም ስለሚሄድ አንቺም ተመርመሪ፣ ወንድሞችሽንም ጎትተሽ ውሰጂያቸው።

ማኅበሩን በተመለከተ ለሙሴው፣ ማለትም ለማኅበሩ መሪ፣ በግልጽ ንገሪያቸው። ግማሽ ማየት ለሰው አይገባውም፤ አባትሽ ሰላምታ ሳይመልሱ ሲያልፉ የኮሩ ይመስለዋል። ሰላም የሚላቸው ሁሉ መጀመሪያ ስሙን ይናገር። «እስቲ ማን ነኝ?» የሚሉት ጨዋታ ግን ይቅር፣ እኔንም ያናድደኛል። መቀመጫቸው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይሁን፣ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ያጥበረብራቸዋልና። ጠላው ጠቆር ስለሚል በነጭ ኩባያ ቢቀዳላቸው ይለዩታል። መንገድ ላይ እጃቸውን ይዞ መጎተት የለም፤ እሳቸው የመሪውን ክንድ ከክርኑ ከፍ አድርገው ይያዙና ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ብለው ይከተሉ።

ደግሞስ ጎጃም ተቀምጦ መዋያ ይጠፋል እንዴ? ቅኔ በጆሮና በቃል የሚሄድ ትምህርት ነው፣ ዓይነ ስውር መምህራንንም ያፈራ አገር ነው። ከወደዱ ቅኔ ቤት ወይም ጉባኤ አድርሻቸው። ስማርት ስልክ ካላቸው ፊደሉን አተልቂላቸው፣ «ቶክባክ» የሚባለውን፣ ስልኩ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውንም ክፈቺና ድምፁን አለማምጃቸው።