አጥርቼ እያየሁ የዓይን ምርመራ ለምን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። የደም ግፊት እንዳለብኝ ከታወቀ 6 ዓመት ሆኖኛል። ብዙ ጊዜ 160/95 አካባቢ ነው፤ ስለማያመኝ ግን መድኃኒቱን አልፎ አልፎ እተዋለሁ። ሰሞኑን ሐኪሜ «ዓይንዎን ይመርመሩ» አሉኝ። አጥርቼ እያየሁ ለምን? ግላኮማስ ከደም ግፊት ነው የሚመጣው?

መልስ፦ አጥርቶ ማየት ዓይን ላለመጎዳቱ ማስረጃ አይሆንም። የደም ግፊት የሚያጠቃው በዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲናን ነው፤ ጉዳቱም ለዓመታት ሳይሰማ ይቆያል።

ከፍተኛ ግፊት ለረጅም ጊዜ ሲገፋቸው የሬቲና ደም ቅዳዎች ግድግዳ ይወፍራል፣ ውስጣቸው ይጠባል። ደም ቅዳና ደም መልስ በሚተላለፉበት ቦታ ሁለቱን የሚጠቀልላቸው አንድ ሽፋን ነው። ስለዚህ የደደረው ደም ቅዳ ስሱን ደም መልስ ይጫነዋል፤ ለመርማሪው ደም መልሱ እዚያች ነጥብ ላይ እንደተቆነጠጠ ቱቦ ቀጥኖ ይታየዋል። ደሙ እዚያ ከረጋ መውጫ ያጣል፣ ደምና ውሃ ወደ ሬቲና ይፈስሳል፣ እይታም ያለ ምንም ሕመም ድንገት ይደበዝዛል። መነጽር ይህን አያስተካክልም።

ግፊቱ እጅግ ሲያይል የእይታ ነርቭ ራሱ ሊያብጥ ይችላል። 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ እይታ ከደበዘዘ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የደረት ሕመም ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ክኒን ደራርበው አይዋጡ፤ ግፊት በአንዴ ሲወርድ ለአንጎልና ለእይታ ነርቭ የሚደርሰው ደም ያንሳል።

የእይታ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳውን በሽታ፣ ግላኮማን በተመለከተ፣ የዓይን ግፊትና የደም ግፊት የተለያዩ ናቸው። የዓይን ግፊት በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚፈጥረው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ክንድ ላይ ተለክቶ አይታወቅም፤ በ21 ውስጥ ሆኖም ግላኮማ የሚይዘው ሰው አለ። ግላኮማ ያለበት ሰው የደም ግፊቱ ሌሊት ከመጠን በላይ ከወረደ ነርቩ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የግፊት መድኃኒት በመኝታ ሰዓት የሚወስድ ከሆነ ለሁለቱም ሐኪሞች ይንገር። ለግላኮማ የሚሰጠው ቲሞሎል የተባለው የዓይን ጠብታም ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትን ያዘገያል፣ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። ጠብታውን አድርገው ዓይንዎን ከድነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ2 ደቂቃ ያህል በጣት ይጫኑ።

ለምርመራው ሲሄዱ ፊደል አንብበው እንዳይመለሱ። ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናው መታየት አለበት። ጠብታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከዚያም ለሰዓታት ያደበዝዛል፤ መኪና አይንዱ። ስኳርም ካለብዎ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታዩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሬቲና ቶሎ ይጎዳል።

መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጡ፤ የእርስዎ ዋናው ችግር ይህ ነው። ቤት ሲለኩ 5 ደቂቃ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን ደግፈው፣ ክንድዎን በልብ ትይዩ አድርገው፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን መዝግበው ለሐኪምዎ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ነጭ ደም ለብሶ አገኘሁት። ግፊት ነው?

መልስ፦ ከላይኛው ስስ ሽፋን ሥር ትንሽ ቧንቧ ፈንድታ ነው። ሳል ወይም ማማጥ ብቻውን ያመጣዋል፤ በ1 ወይም 2 ሳምንት ይጠፋል። የደም ግፊትዎን ግን ይለኩ። ካመመዎት፣ እይታዎ ከቀነሰ፣ ዓይንዎ ተመትቶ ከነበረ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።