መላሾቹ ለምን ዝም አሉ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጎንደር ላይ ሊኑክስ ለሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ተጠቃሚዎች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ፣ ጠያቂው ሲበዛ መላሾቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ምን ይሻላል ነው ያልከው። እኛም ማራኪ በሚባለው የጎንደር ሰፈር ስንሰባሰብ ይኸው ገጥሞን ነበር።

መጀመሪያ ጥፋቱን በጀማሪዎቹ አሳበብን። "ፈልገው አያነቡም" እንል ነበር። ተሳስተናል። ጠያቂ ሲቸግረው ይመጣል፤ በስልኩ ጽፎ ወዲያው መልስ ይጠብቃል። መላሽ ደግሞ ሥራ ውሎ ማታ ነው የሚከፍተው። ሁለት መቶ መልእክት ተከምሮ ያገኛል። ያልተመለሰውን ከተመለሰው በምን ይለየው?

በየሳምንቱ የሚመጣ አንድ ጥያቄ ነበረን፦ "የድሮ ደብዳቤ በሊብሬኦፊስ (በነጻው የቢሮ ጽሕፈት ፕሮግራም) ስከፍት አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ይታያል።" የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ላቲኑ ይወጣል። ስለዚህ ወይ ፎንቱን መጫን ነው፣ ወይ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር። አንድ ጓደኛችን ይህን ለአሥራ ምናምን ሰው እየደጋገመ ጻፈ። በመጨረሻ ሰልችቶት ወጣ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሳምንታዊ ተረኛ አለን። ጠያቂው እንደለመደው ቴሌግራም ላይ ይጠይቃል። ተረኛው ያልተመለሰውን ማታ ለቅሞ ለመላሾቹ በኢሜይል ይልካል። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ኢሜይል። ርዕሱ ላይ ችግሩ ይጻፋል፤ ጠያቂው የሚጠቀምበት የኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) የዕትም ቁጥርና የታየው የስህተት መልእክት ቃል በቃል ይገባል። መልሱ ሲመጣ ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል፤ መልሶች በሚጠራቀሙበት ሰነድም ላይ ያስገባዋል። ሰነዱ ግሩፑ አናት ላይ ፒን ተደርጓል። ኢሜይል ደግሞ አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል፤ መልሱንም ጽፎ ማቆየት ይቻላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

አደራ፣ ተረኛው መልስ ሲለጥፍ የመላሹን ስም ይጥቀስ። የራሱ አስመስሎ ከለጠፈው ሰው ይከፋል፤ አይተነዋል።

ችግሩ የፕሮግራሙ የራሱ ከሆነ ደግሞ እናንተ ጋ አታስቀሩት። የሊብሬኦፊስ ሠሪዎች የፕሮግራሙን ስህተት የሚመዘግቡበት ባግዚላ የሚባል ድረ ገጽ አላቸው። እንግሊዝኛ የሚቀናው አንዳችሁ ይጻፍላቸው።

የዚህን ሳምንት ተረኛ ዛሬውኑ ምረጡ። የእኛን ሰነድ እልክልሃለሁ፤ ስለ አማርኛ ኪቦርድ ለሚጠይቁም መልሱ እዚያው አለ።