«አምስት ዓመት ተምረሽ ጭቃና ድንጋይ?»

ጠያቂያችን የአራተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። መንዝ ያለው የአያቷ የድንጋይ ቤት በውርጭ ወራት ከእነሱ የብሎኬት ቤት ይልቅ እንደሚሞቅ ጽፋልናለች፤ ወደ ሙያው የሳባትም እሱ ነው። አሁን ግን ግራ ገብቷታል። የክፍል ጓደኞቿ ቀን ከሌሊት የመስታወት ሕንፃ ሬንደር ያደርጋሉ፤ በኮምፒውተር ፎቶ የሚመስል ሥዕል ይሠራሉ ማለት ነው። አባቷ ደግሞ «አምስት ዓመት ተምረሽ ጭቃና ድንጋይ?» ይሏታል። ጥያቄዋ ሦስት ነው። በቦታው፣ በአካባቢው ማቴሪያልና በአየር ጠባዩ ላይ የቆመ ዲዛይን እንጀራ ይሆናል ወይ? ላንድስኬፕ (በሕንፃ ዙሪያ ያለው መሬት፣ ውሃና ተክል ዲዛይን) ላይ ባተኩርስ? ለኢንተርንሺፕ ሁለት ቦታ አግኝቻለሁ፤ አንዱ ቦሌ ያለ ሬንደር የሚሠራ ቢሮ ነው፣ ሌላው ከተማችን አጠገብ ትምህርት ቤት የሚገነባ ተቋራጭ ነው፤ የቱን ልምረጥ?

እህቴ፣ የመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ እንጀራ ይሆናል። ግን «የባህል ቤት ደስ ይለኛል» ብለሽ ብታመለክቺ ማንም አይቀጥርሽም። የሚፈልጉሽ የአያትሽ ቤት ለምን እንደሚሞቅ በሴክሽን (ሕንፃው ተቆርጦ ውስጡ በሚታይበት ሥዕል) ስለሽ፣ በቁጥር አስደግፈሽ ማስረዳት ስትችይ ነው። ያንኑ ምክንያት ባለ አራት ፎቅ ክሊኒክ ላይ ማዋል ስትችይ ደግሞ ይበልጥ ይፈልጉሻል።

እስቲ ከቤቱ እንጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ወፍራሙ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ማታ ቀስ ብሎ ይለቃል። መስኮቱ ትንሽ ነው። የሳር ክዳኑ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱ በጣራ አያመልጥም። ሃያ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬትና ቆርቆሮ ይህን አይችሉም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱም አብሮ ይቀዘቅዛል።

አሁን ያንኑ ቤት ጋምቤላ አስቢው። እዚያ ሌሊቱም ሞቃት ነው፣ አየሩም እርጥብ ነው። ወፍራም ግድግዳና ጠባብ መስኮት ሰው ያፍናል። እዚያ የሚያስፈልገው ጥላና ነፋስ ነው። አፋር ደግሞ ከብት ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ ሰው ተነቅሎ በግመል የሚጫን የሰሌን ቤት ይሠራል። ዶርዜዎች ቀርከሃ አላቸው፤ ቀርከሃ ይሸምናሉ። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ቤቱ በዓመታት ውስጥ ዝቅ ይላል፤ እነሱም ይህን አውቀው ከመጀመሪያው በጣም ረጅም አድርገው ይሠሩታል። እኔ ይህን ዲዛይን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። የማቴሪያሉን ድካም አልካዱም፤ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። አንቺም ከአያትሽ ቤት የምትወስጂው ይህንን ዓይነት አስተሳሰብ ነው። ድንጋዩ ራሱ አንዳንዴ ይጠቅምሻል፣ አንዳንዴ አይጠቅምሽም።

በመማሪያ መጻሕፍትም ላይ ተጠንቀቂ። ብዙዎቹ የተጻፉት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። ሰፊውን መስታወት ወደ ደቡብ አድርጉ ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ናት። በሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያኔም ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለሆነ ከመስኮቱ በላይ የሚወጣ መጠነኛ ክፈፍ ይከላከላታል። የሚያስቸግረው የምዕራብ ፀሐይ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች፣ ክፈፍ አያግዳትም። ወደ ምዕራብ የዞረ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ በዘጠኝ ሰዓት ግቢና እዪ። መጋረጃው ተዘግቶ፣ መብራቱ በርቶ ታገኚዋለሽ። አየሯ እንዲህ ደግ በሆነ ከተማ ውስጥ ሰው ኤሲ ካስፈለገው ጥፋቱ የዲዛይነሩ ነው፤ በዚህ አልደራደርም።

ይህ ለገጠር ብቻ ነው የሚልሽ ካለ አዲስ አበባ ያለው ልደታ መርካቶ የሚባለው ሕንፃ ውሰጂው። የገበያ ማዕከል ነው፣ ባለ ብዙ ፎቅ ነው፣ መሐል ከተማ ነው። አርክቴክቱ ሻቪየር ቪላልታ ሕንፃውን በመስታወት አልሸፈነውም። የውጪውን ግድግዳ በኮንክሪት ሠርቶ፣ ከሀገር ልብስ ጥለት በተወሰደ ንድፍ በስቶታል። ብርሃኑም አየሩም በቀዳዳዎቹ ይገባል።

ለአባትሽ ደግሞ የአርክቴክቱን የፍራንሲስ ኬሬን ታሪክ ንገሪያቸው። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ። መጀመሪያ አናጢ ነበር፤ አርክቴክቸር የተማረው በርሊን ነው። ዲግሪውን ሳይጨርስ በ2001 እ.ኤ.አ ለመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ፤ ከአፈር። የመንደሩ ሰዎችም እንደ አባትሽ ተጠራጥረው ነበር፤ ጭቃ ዝናብ እንደማይችል ያውቃሉና። እሱ አፈሩ ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ጨምሮ ብሎኬት አድርጎ ጨመቀው። ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ በላይ ከፍ አድርጎ አንሳፈፈው፤ ጠርዙንም ግድግዳውን ከዝናብና ከፀሐይ እንዲጠብቅ አስረዘመው። የክፍሉ ትኩስ አየር በኮርኒሱ ክፍተቶች ሽቅብ ይወጣል። ልጆቹ ያለ ማራገቢያ ይማራሉ። ሥራው በ2004 እ.ኤ.አ የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ። በ2022 እ.ኤ.አ ደግሞ ኬሬ የሙያው ትልቁ ክብር የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማት ወሰደ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ሲሚንቶ ጠፍቶ ሳይቶች የቆሙበትን ጊዜም አስታውሺያቸው። ከጓሮ የሚወጣ ማቴሪያል የሚያውቅ ባለሙያ በዚያን ጊዜ ሥራ አይፈታም።

አፈር ለመማር ላብራቶሪ አትጠብቂ። በሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ሲሶው አፈር ጨምሪ፣ ውሃ ሙዪበት፣ በደንብ በጥብጠሽ አስቀምጪው። አሸዋው መጀመሪያ ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ይከተላል፣ ሸክላው መጨረሻ ላይ ይተኛል። የንብርብሩን ውፍረት በማስመሪያ ለኪ። አፈሩ ለግድግዳ ይሆናል አይሆንም የሚለውን መገመት የምትጀምሪው ከዚህ ነው። ኮትቻ የሚባለውን ጥቁር አፈርም እወቂው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቦሌና አቃቂ አካባቢ ሞልቷል። ተቋራጮች ቆፍረው አውጥተው በገረጋንቲ የሚተኩት ለዚህ ነው። ሳይቱ ኮትቻ መሆኑን ቀድሞ ያየ አርክቴክት የባለቤቱን ስንት ብር እንደሚያድን አስቢው።

የሥራውን ገበያ ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ሥራሽ ምናልባት የአፓርትመንት መጸዳጃ ቤት ዲቴል መሳል ይሆናል። ኦቶካድና ሬቪት የሚባሉት የሥዕል ሶፍትዌሮች የግድ ናቸው፤ ሬንደርም አትናቂ፣ ደንበኛ የሚያየው እሱን ነው። አንቺ የምትፈልጊው ሥራ የሚገኘው ሲሚንቶ ለማድረስ መንገዱ ውድ በሆነበት ነው፤ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የቅርስ ጥገና፣ ሎጅ። ሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይ ያለው ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ከፍለው ያድሩበታል። ቦታው ብዙ አይደለም። የሚወዳደርሽ ሰውም ብዙ አይደለም።

ፖርትፎሊዮሽ ላይ ይህን ሞክሪ። አንድ መማሪያ ክፍል ውሰጂ፤ ሃምሳ ተማሪ የሚይዝ። አንዴ ለደብረ ብርሃን፣ አንዴ ለጋምቤላ ዲዛይን አድርጊው። የግድግዳውን ሴክሽን በ1:20 ሳዪ። ድንጋዩ ከየትኛው ካባ እንደሚመጣ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓጓዝ፣ በካሬ ስንት እንደሚያወጣ ጻፊ። ከአሥር የሚያምር ሬንደር ይልቅ እሱ አንዱ ገጽ ቃለ መጠይቅ ላይ ያናግርሻል።

ላንድስኬፕን በተመለከተ፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ አበባ መትከል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከሁሉ በፊት የውሃ ሥራ ነው። ላሊበላ ስትሄጂ ሰው ሁሉ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ያያል። አንቺ ቦዮቹን ተከተዪ። ቤተ ጊዮርጊስ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው፤ የክረምቱ ውሃ መውጫ ባይበጅለት ኖሮ ኩሬ ይሆን ነበር። ኮንሶዎች ተራራውን በድንጋይ እርከን ሲያለብሱ አፈሩን ያዙ፣ ትርፉን ውሃ አሳለፉ። አንዳንዱ ግንብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግበው ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ባህል ብሎታል። እኔ ብጠየቅ የሀገራችን ትልቁ የላንድስኬፕ ትምህርት ቤት ኮንሶ ነው እላለሁ።

ቁጥሩን ከተማ ውስጥ እንየው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። 100 ካሬ ጣራ ላይ የሚወርደው 120 ሜትር ኩብ ነው፤ 120 ሺህ ሊትር ማለት ነው። አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ ካነጠፍሽው ውሃው በአጥር ሥር ጎረቤት ይገባል። በጋ ላይ ደግሞ ሣርሽን ለማጠጣት ቦቴ ትጠሪያለሽ። አንድነት፣ ወዳጅነትና እንጦጦ ፓርኮች ከተከፈቱ፣ የኮሪደር ልማቱም ከመጣ ወዲህ የላንድስኬፕ ሥራ በዝቷል። የአፈሩን ቆረጣና ሙሌት አስልቶ፣ ውሃው የት እንደሚገባ አሳይቶ፣ ወይራና ጽድ የት እንደሚሻል የሚመርጥ ሰው ግን አሁንም ጥቂት ነው። ስለዚህ አተኩሪበት፤ ግን የአርክቴክቸር ዲግሪሽን ጨርሰሽ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ላይ። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ችግኝ ጣቢያ እየሄድሽ የዛፎቹን ስም፣ ቁመትና የውሃ ፍላጎት ተማሪ። እዚያ የሚሠሩት እናቶች ከካታሎግ የበለጠ ይነግሩሻል።

ኢንተርንሺፑን የተቋራጩን ምረጪ። ሬንደር ማታ ማታ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትማሪዋለሽ። ግንበኛው ድንጋዩን እንዴት አገላብጦ ፊቱን እንደሚመርጥ፣ ማሰሪያ ድንጋዩን የት እንደሚያስገባ ግን ሳይት ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ከመግባትሽ በፊት ተቋራጩን አንድ ነገር ጠይቂ፤ ቀኑን ከፎርማኑ ጋር ትውያለሽ ወይስ ኮንቴይነር ውስጥ የክፍያ ሰነድ ስታዘጋጂ? ሁለተኛው ከሆነ ቦሌ ይሻልሻል። የደኅንነት ጫማና ሄልሜት እንዲሰጡሽም ከወዲሁ ተነጋገሪ፤ በልክሽ የሚሆን ጫማ ሳይት ላይ ላይኖር ይችላል። የቦሌውን ቢሮ ደግሞ ዝም ብለሽ አትተዪው። ደውዪና ሌላውን እንደመረጥሽ በትሕትና ንገሪያቸው፤ ለቀጣዩ ክረምት ቦታ ይኖራቸው እንደሆነም ጠይቂ።