ረቂቁ የት ቆመ ብላችሁ ጠይቁ

ፖለቲካና ሕግ ለምታጠኑ ልጆቼ፣

የአሜሪካ ደቡብ የዘር መድልዎ ሲነሳ ሁሉም የሚያስታውሰው አደባባይ ላይ የጮኹትን ነው። እኔ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የዜጎች መብት የሕግ ረቂቆችን ያግድ የነበረውን ሃዋርድ ስሚዝን አጥኑ እላለሁ። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ዳኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1967 በአሜሪካ ኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት ተቀመጠ፤ ከ1955 ጀምሮ የደንብ ኮሚቴውን መራ።

መጀመሪያ ወንበሩን ምን እንዳጸናለት መርምሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለመምረጥ በዓመት 1.50 ዶላር የምርጫ ግብር ይከፈል ነበር። ውዝፍ ያለበት የ3 ዓመቱን፣ 4.50 ዶላር፣ ከምርጫው 6 ወር ቀድሞ መክፈል ነበረበት። ጥቁሩም ድሃው ነጭም በዚህ ከምርጫ ወጣ። መራጩ ጥቂት ሲሆን ተመራጩ አይነቀነቅም፤ በኮንግረስ ደግሞ የኮሚቴ ሰብሳቢነት የሚደርሰው ብዙ ለቆየ ነበር። የዜጎች መብት ረቂቅ ገና ዋሽንግተን ሳይደርስ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ትልልቅ ረቂቆች ለጉባኤው ከመቅረባቸው በፊት በስሚዝ የደንብ ኮሚቴ ያልፉ ነበር። አባላቱ 12 ነበሩ፦ 8 ዴሞክራት፣ 4 ሪፐብሊካን። ስሚዝና የሚሲሲፒው ዊልያም ኮልመር ከ4ቱ ሪፐብሊካኖች ጋር ሲያብሩ 6 ለ 6 ይሆናል፤ እኩል ድምፅ ከመጣ ረቂቁ ቀረ። አንዳንዴ ድምፅ መስጠትም አያስፈልግም። ስብሰባ የሚጠራው እሱ ነውና ከከተማ ይጠፋል፤ በ1957 ጎተራዬ ተቃጠለ ብሎ ወደ እርሻው መሄዱ እስካሁን ይነገራል።

ረቂቁን ከኮሚቴው ለማስወጣት የ218 አባላት ፊርማ ይበቃ ነበር። ግን ነገ የራሱ ረቂቅ በዚያው ኮሚቴ እጅ የሚወድቅ እንደራሴ ለመፈረም ይፈራል። አፈ ጉባኤ ሬይበርን ያንን የ6 ለ 6 እኩልነት ለመስበር በ1961 ኮሚቴውን ወደ 15 አባላት ያሰፉት በ217 ለ212 ድምፅ ነው፤ 3 ሰው ቢገለበጥ ኖሮ ተሸንፈው ነበር።

ስለዚህ ስትመረምሩ የመጨረሻውን የድምፅ ቆጠራ ብቻ አትያዙ። ረቂቁ ኮሚቴ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ጎን ለጎን ጻፉ፤ በመካከሉ ስብሰባ ያልተጠራባቸውን ሳምንታት ለዩ። የሰውየውን እጅ የምታገኙት እዚያ ነው።

በ1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቨርጂኒያን የምርጫ ግብር ሻረ። በዚያው ዓመት ስሚዝ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ተሸነፈ። የሰብሳቢነቱን ወንበር የተረከበው ኮልመር ነበር።